ቁጥር ቀለም ሲለብስ

የሠንጠረዥ አኃዝ ትዕግሥተኛ አንባቢን ይሻል። ረድፉን ከረድፍ፣ ዓምዱን ከዓምድ እያመሳከረ፣ ድምሩንም ከዝርዝሩ እያስማማ የሚያነብ ሰው ከነገሩ ሥር ለመድረስ ይቻለዋል፤ ዳሩ ግን እንዲህ ያለው አንባቢ በየስብሰባው አዳራሽ በብዛት አይገኝምና፣ ያው አኃዝ በሀገር ካርታ ላይ ቀለም ለብሶ በቀረበ ጊዜ ሐሳቡ ተበታትኖ የነበረው ሁሉ ቀና ብሎ ይመለከታል፣ የራሱን ክልል በዓይኑ ይፈልጋል፣ የጠቆረውንና የነጣውንም ለይቶ በልቡ ፍርድ ይሰጣል። ፍርዱ ከማንበብ አስቀድሞ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ካርታ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ሠንጠረዥ ከሚያዘጋጀው ይልቅ የከበደ አደራ አለበት ብዬ አምናለሁ። የዕለት ተግባሬ ከክልልና ከዞን የሚመጣውን መረጃ በኤክሴል አደራጅቶ ለውሳኔ ሰጪዎች ማቅረብ ነውና፣ ስለዚሁ አደራ ከሥራው የተማርሁትን በዚህ ማስታወሻ እገልጻለሁ።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሻርል ዱፔን እ.ኤ.አ. በ1826 የሀገሩን አውራጃዎች እንደ ትምህርታቸው መስፋፋትና መጥበብ ከነጭ እስከ ጥቁር አጠይሞ ባሳተመ ጊዜ፣ እያንዳንዱን ጥላ የሚያወጣው የሰው እጅ ነበረ። ዛሬ ግን የቦታ ስም በአንድ ዓምድ፣ ቁጥር በሌላው ዓምድ አሰልፎ ‹ኢንሰርት› ከሚለው ዝርዝር ‹ማፕስ› የሚለውን ለሚጫን ሰው ኤክሴል ያንኑ ሥራ በቅጽበት ይፈጽምለታል፤ ጉግል ሺትስም እንዲሁ። (የኤክሴል ካርታ የሚሠራው በኢንተርኔት በቢንግ አገልግሎት በኩል ሆኖ ለሥዕሉ የሚያስፈልገው መረጃ ወደዚያ የሚላክ ስለሆነ፣ የሰው ምሥጢር ያለበት መዝገብ በዚህ መንገድ እንዲያልፍ መፍቀድ አይገባም።) የእጅ ድካም እንዲህ ቀለለ፤ የአእምሮው ድካም ግን ዱፔን እንደ ተወው አለ።

ከሁሉ አስቀድሞ የስም ነገር አለ። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን አለ፤ በኦሮሚያ ክልልም ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን አለ። ደብረ ብርሃንና ፍቼ በአንድ ስም ሥር የሚገኙ ስለሚመስሉ፣ ክልሉን በሌላ ዓምድ ለይቶ ያልጻፈ ሰው የአንዱን ሕዝብ ለሌላው ይሰጣል። በዘመን የተለያየ ስም ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያሳስታል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ይባል የነበረው ቦረናንና ጌዴኦን ጭምር የያዘ ሰፊ ምድር ሲሆን የዛሬው ሲዳማ ክልል የዚያ አንዱ ወገን ብቻ ነውና፣ የድሮውን ሠንጠረዥ ከዛሬው ካርታ ጋር በስም መመሳሰል ያገናኘ ሰው ሁለት የማይገናኙ አገሮችን አገናኘ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ከስም ይልቅ በመለያ ቁጥር እተማመናለሁ። በስታቲስቲክስ መዝገብ ትግራይ 01፣ አፋር 02፣ አማራ 03፣ ኦሮሚያ 04፣ ሶማሌ 05፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 06፣ የቀድሞው ደቡብ 07 ከሆኑ በኋላ ቁጥሩ ዘልሎ ጋምቤላ 12፣ ሐረሪ 13፣ አዲስ አበባ 14፣ ድሬዳዋ 15 ይሆናሉ። አዲስ ሠራተኛ መካከሉ የጎደለ መስሎት ቁጥሩን በተርታ ሊያስተካክል ይነሣል፤ ነገር ግን በሽግግሩ መንግሥት በ1984 ዓ.ም. 14 ክልሎች በታወጁ ጊዜ ከ7 እስከ 11 የነበሩት በኋላ ተጠቃልለው ደቡብ ስለ ተባሉ ነው እንጂ የጎደለ ነገር የለም፤ ያን ዘመን የሚያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ‹ክልል 14› ሲባል የሰማውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ዓምዱንም አስቀድሞ በጽሑፍ መልክ ማዘጋጀት ያሻል፤ አለዚያ ኤክሴል 01 ተብሎ የተጻፈውን 1 አድርጎ ስለሚይዘው ሁለቱ መዝገቦች ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ደቡብም በተራው ተከፋፈለ። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም.፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም.፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተቋቋሙ ወዲህ ሀገሪቱ 12 ክልሎችና 2 የከተማ አስተዳደሮች አሏት፤ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን አንድ ደቡብ ብቻ ያውቃል። ስለሆነም የዚያን ቆጠራ አኃዝ በዛሬው ድንበር ለማሳየት የሚሻ ባለሙያ የዞኖቹንና የልዩ ወረዳዎቹን ዝርዝር አውጥቶ እንደ አዲሱ አከላለል እንደገና መደመር ግድ ይሆንበታል፤ አሰልቺ ቢሆንም አቋራጭ የለውም። ካርታው የሚያወጣው የድንበር ሥዕል እንደ አዲሱ አከላለል ካልታደሰም በኤክሴል የሦስት ገጽታ ካርታ ውስጥ የራስን የድንበር ፋይል አስገብቶ መሥራት ይቻላል። በየካርታው ግርጌ ‹አኃዙ የዚህ ዓመት፣ ድንበሩ የዚህ ዓመት› ብሎ መጻፍ በእኔ ዘንድ እንደ ፊርማ የሚቆጠር ግዴታ ነው።

አሁን ብዙ ጥፋት ወደሚሠራበት ነገር እደርሳለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት የቀረበ የወባ ካርታ አይቻለሁ፤ በየክልሉ የተመዘገበው ሕመምተኛ ብዛት እንዳለ ተወስዶ የተቀለመ ነበረ። ኦሮሚያና አማራ ጠቁረው፣ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነጥተው ይታያሉ፤ የተሰበሰቡትም ሰዎች አጎበርና መድኃኒት ወደ ጠቆረው ወገን እንዲበዛ ይነጋገሩ ጀመር። ነገር ግን በ1999ኙ ቆጠራ ከሀገሪቱ 74 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ መካከል 27 ሚሊዮን ያህሉ በኦሮሚያ፣ 17 ሚሊዮን ያህሉ በአማራ ሲቆጠር በጋምቤላ የተቆጠረው 307 ሺሕ ብቻ ነውና፣ የሕመምተኛ ብዛት ቢቀለም፣ የትምህርት ቤት ብዛት ቢቀለም ኦሮሚያ ምንጊዜም ትጠቁራለች፤ የሚታየው የሕዝቡ ብዛት ነውና። ያንኑ አኃዝ ለሕዝቡ ቁጥር አካፍሎ በሺሕ ሰው ስንት ሕመምተኛ እንደሚደርስ ያሰላ ሰው ግን ካርታው ሲገለበጥ ያያል፤ ሙቀትና ርጥበት የማይለያቸው የባሮ ወንዝና የዓባይ ቆላዎች፣ ማለት ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ የበሽታው ጽኑ ማደሪያ መሆናቸው ያን ጊዜ ይገለጣል። በኤክሴል ይህ አንድ ተጨማሪ ዓምድና አንድ የማካፈል ቀመር ነው፤ የሚያመጣው ልዩነት ግን አጎበሩ ለማን ይድረስ የሚለውን ጥያቄ የሚወስን ነው። ዱፔን ራሱ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተማሪውን ብዛት እንዳለ አላቀለመም፤ ለአንድ ተማሪ ስንት ነዋሪ እንደሚደርስ አስልቶ ነበር።

ለምን እንደሚካፈል ማወቅም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ወባ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር የሚበረታ በሽታ ስለሆነ፣ በባሌና በአርሲ ደጋ የሚኖረውን ሕዝብ ሁሉ ከአካፋዩ ውስጥ አስገብቶ የኦሮሚያን መጠን ማስላት በቆላው ያለውን መከራ ማቅለል ይሆናል፤ ስለዚህ ትክክለኛው አካፋይ ለበሽታው የተጋለጠው ሕዝብ ነው። ሕዝቡ ጥቂት በሆነበት ስፍራ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈለጋል፤ በአነስተኛ ወረዳ በአንድ ዓመት የጥቂት ሰዎች መታመም መጠኑን ወደ ላይ ያጉነዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት አለመታመማቸው ወደ ታች ይጥለዋልና፣ የብዙ ዓመታትን መረጃ በአንድነት ማየት ይሻላል።

ከመካፈልም በኋላ የሚቀር ችግር አለ፤ እርሱም የምድር ስፋት ነው። ቀለም የሚቀባው መሬቱ እንጂ ሰዉ ስላልሆነ፣ በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ሕዝብ የተቆጠረባት አዲስ አበባ በ527 ካሬ ኪሎ ሜትሯ እንደ ነጥብ ታንሳለች፤ በብዙ መቶ እጥፍ የሚሰፋው ሶማሌ ክልል ግን የካርታውን ምሥራቅ ሁሉ ሞልቶ ዓይንን ይይዛል። ሐረሪ ጨርሶ አትታይም። ለዚህ ያገኘሁት ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ከካርታው አገልግሎት ውጭ፣ በራሱ በሠንጠረዡ ሴሎች የሚሠራ ነው። ባዶ ገጽ እከፍታለሁ፤ የዓምዱ ስፋት በፊደል ብዛት፣ የረድፉ ቁመት በነጥብ ስለሚለካ ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማስተካከል አይቻልምና፣ ጠርዙን እየጎተትሁ በሚታየው የፒክስል ቁጥር አስተካክዬ ሴሎቹን አራት ማዕዘናቸው እኩል እንዲሆን አደርጋለሁ። ከዚያ ትግራይን በላይኛው ረድፍ፣ ከሥሯ አማራንና አፋርን ጎን ለጎን፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን በምዕራብ፣ አዲስ አበባን በመካከል፣ ድሬዳዋንና ሐረሪን ወደ ምሥራቅ አከታትዬ፣ ሶማሌን በምሥራቅ ጫፍ፣ ጋምቤላን በምዕራብ ጫፍ፣ ኦሮሚያን በመካከላቸው፣ ደቡብ ምዕራብን፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያንና ሲዳማን በቀጣዩ ረድፍ፣ ደቡብ ኢትዮጵያን ከሁሉ በታች እደለድላለሁ። በእያንዳንዱ ሴል ከመረጃው ገጽ ቁጥሩን የሚያመጣ ቀመር ጽፌ ‹ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ› በሚለው ቀለሙን እንዲለዋወጥ አዛለሁ። 14ቱም እኩል ቦታ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሐረሪም እንደ ሶማሌ ትታያለች። የመልክዐ ምድሩ ቅርጽ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሚነጻጸረው የክልሎች አፈጻጸም በሆነ ጊዜ ፍትሑ ከውበቱ ይበልጣል።

የቀለሙን መሰላል በተመለከተ ጥቂት ብቻ እላለሁ። ኤክሴል ከትንሹ እስከ ትልቁ ቁጥር ቀለሙን በእኩል ያዳርሳል፤ የሕዝብ ጥግግት ሲቀለም ግን የአዲስ አበባ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ5 ሺሕ በላይ ስለሆነ ጥቁሩን ሁሉ እርሷ ጠቅልላ ትወስድና ክልሎቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ገርጥተው ይቀራሉ። ያን ጊዜ የመሰላሉን ከፍተኛ ቁጥር በእጅ መወሰን፣ ወይም ቁጥሩን ‹ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ› በሚል ቃል መድቦ ያንን ማቅለም ይገባል።

አጥብቄ የምለምነው ግን ስለ ባዶው ሴል ነው። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት አገር አቀፍ የተባሉ ጥናቶች ከትግራይ መረጃ ሳይሰበስቡ ተካሂደዋል፤ በሠንጠረዡ ላይ ያ ስፍራ ባዶ ነው። ከዚያ ሠንጠረዥ ወደ ካርታው ገጽ ቁጥሩን በ‹ቪሉክአፕ› ቀመር የሚያመጣ ሰው ማወቅ ያለበት፣ ይህ ቀመር ባዶውን ሴል 0 አድርጎ እንደሚመልሰው ነው፤ ካርታውም 0 ያገኘበትን ምድር በመሰላሉ በጣም ፈዛዛ ቀለም ይቀባዋል፤ በበሽታ ወይም በረኃብ ካርታ ላይ ደግሞ ፈዛዛው ቀለም ‹በዚህ ደኅና ነው› ማለት ነው። ማንም ሳያስብ፣ ማንም ሳይዋሽ፣ ጠያቂ ያልደረሰለት ሕዝብ ያልታመመና ያልተራበ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ቀመሩ ባዶውን ባዶ አድርጎ እንዲመልስ ‹ኢፍ› ጨምሮ መጻፍ፣ ስፍራውን ከመሰላሉ ውጭ በሆነ ግራጫ መቀባት፣ በቀለሙ መግለጫም ዘንድ ‹መረጃ አልተሰበሰበም› የሚለውን ቃል ከቁጥሮቹ እኩል በሆነ ፊደል ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ እኔም ከሥሬ የሚሠሩትን ወጣቶች ካርታ ስመረምር አስቀድሜ የማየው ይህን ነው።