ድርቆሽ በወርኃ ጽጌ

በእኛ በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ክረምቱ መስከረም 25 ቀን አብቅቶ ዘመነ መፀው ሲገባ፣ ካህናቱና መዘምራኑ ማኅሌተ ጽጌን ለመቆም በየአድባራቱ በሚሰበሰቡበት በዚያው ሰሞን፣ ከደብረ ታቦር ዙሪያ እስከ ጉና ተራራ ግርጌ ያለው መስክ ሁሉ ያብባል፤ ማገጡ አበባውን ያወጣል፣ ጋጃው ዘለላውን ይገልጣል፣ አደዩም በየድንበሩ ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን የሚዘልቀው ይህ ወርኃ ጽጌ ለምእመናን የጾምና የምስጋና ወራት መሆኑ የታወቀ ነው፤ እኔ ግን በሙያዬ የእንስሳት ሐኪም እንደ መሆኔ በዚህ ወራት ሌላም ነገር አስተውላለሁ፤ ይኸውም በመጋቢትና በሚያዝያ ከስተውና ደክመው ወደ ክሊኒካችን የሚመጡት በጎች ዕጣ የሚወሰነው ገና በዚህ በአበባው ጊዜ፣ ማጭዱ ከተሰካበት ወርዶ ወደ ሣሩ ሲሄድ ወይም ሳይሄድ ሲቀር መሆኑን ነው።

ሣር እንደ ሌላው ፍጥረት ሁሉ ዕድሜ አለው። በሐምሌና በነሐሴ ለጋና ውሃ የበዛበት ነው፤ ማበብ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እኩሌታው እስኪያብብ ድረስ ቅጠሉ ብዙ፣ አገዳው ለስላሳ፣ ገንቢነቱም ያልጎደለ ነው፤ አንድ ጊዜ ፍሬ ከያዘ በኋላ ግን ከምድር የሳበውን ሁሉ ለዘሩ ያወርሳል፣ ዘሩም በነፋስ ይረግፋል፣ ቅጠሉም ይጠወልጋል፣ በመስኩ ላይ ቆሞ የሚቀረው እንጨትነት ያደረበት አገዳ ብቻ ይሆናል። የደጋችን ገበሬ ግን ከልሎ ያቆየውን ሣር የሚያጭደው ብዙውን ጊዜ ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ፣ አንዳንዱም የእህሉ አጨዳ ካለቀ በኋላ በታኅሣሥ፣ ሣሩ ነጥቶ የጉና ውርጭ ከመታው በኋላ ነው። ይህን ልማድ ከስንፍና የመጣ አድርገው የሚናገሩ የሙያ ባልደረቦች አሉ፤ እኔ አልስማማበትም፤ ምክንያቱም በጥቅምት ወር ዝናቡ ጨርሶ ስላልሄደ ታጭዶ በተዘረጋ ሣር ላይ አንድ ሌሊት ቢዘንብ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፣ ገብሱም በዚያው ጊዜ ደርሶ እጅ ይፈልጋል፣ የቤቱም ጉልበት ያው አንድ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበረታው ግን የገበያው ነገር ነው። ድርቆሽ በእኛ አገር የሚሸጠው በሸክምና በአህያ ጭነት ነው፤ ሸክሙን የሚያበዛው ደግሞ የሣሩ ርዝመትና የአገዳው ውፍረት በመሆኑ፣ በአበባው ጊዜ ያጨደ ሰው አነስተኛ ክምር ይዞ ሲቀር፣ ወር ሙሉ የጠበቀው ጎረቤቱ ትልቅ ክምር ይሠራል፤ ገዢውም ሁለቱን በአንድ ዋጋ ይገዛል። ገዢው መልካሙን ድርቆሽ ከመናኛው ለይቶ የሚከፍልበትን ነገር እስካላወቀ ድረስ፣ ገበሬው ቀድሞ እንዲያጭድ መምከር ከኪሱ ገንዘብ እንዲያወጣ መምከር ነው፤ ስለዚህም ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለሚያጭደው ብቻ ሳይሆን ለሚገዛውም ጭምር ነው።

በጉ የሚያመሰኳ እንስሳ እንደ መሆኑ ሣሩን ወደ ሥጋና ወደ ወተት የሚለውጠው ብቻውን አይደለም። በዐቢዩ ጨጓራው ውስጥ የሚኖሩት በዐይን የማይታዩ ደቂቅ ሕዋሳት ናቸው አቡክተው የሚያፈርሱለት፤ እነርሱም ሥራቸውን ይፈጽሙ ዘንድ በሚበላው ደረቅ መኖ ውስጥ ከመቶ 7 ያህል ፕሮቲን ሊኖር ይገባል። ከዚህ በታች ሲወርድ ሕዋሳቱ ይመነምናሉ፣ አገዳው ሳይፈርስ በጨጓራው ውስጥ ይሰነብታል፣ ጨጓራውም ባዶ ስላልሆነ በጉ ሌላ መብል አይሻም፤ እንዲህ ሆኖ እንስሳው ሆዱ እንደ ሞላ በረኃብ ይሞታል። በአበባው ጊዜ የታጨደ፣ ማገጥ የተቀላቀለበት የመስክ ሣር ይህን መጠን በቀላሉ ያልፋል፤ በታኅሣሥ የታጨደው አይደርስበትም፤ የገብስና የስንዴ ጭድማ ከዚያም በታች ነው። በግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ የበልጉ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ መርዝ በልተው ሞቱብን ተብለው ሬሳቸውን እንድመረምር የሚቀርቡልኝን በጎች ስከፍት የማገኘው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ጨጓራው በነጣ ድርቆሽና በጭድ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ መርዝ የሚያሰኝ ምልክት በአንጀቱ ላይ የለም፣ ኩላሊቱን ከብቦ ነጭና ጠጣር ሆኖ መገኘት የሚገባው ሞራ ግን ቀልጦ ወደ ዝልግልግ ውሃ ተለውጧል። ይህን ለባለቤቱ ከፍቼ ሳሳየው ዝም ብሎ ይመለከታል፤ ይህን ያህል ድርቆሽ በሆዱ ተሸክሞ በረኃብ ሞተ ብሎ ማመን ለማንም ከባድ ነውና አልፈርድበትም።

መልካም ድርቆሽን ስለ መለየት ከመጻሕፍት የተማርሁት ብዙ ነው፤ ነገር ግን አሳጥራ ያስተማረችኝ በገበያ ያገኘኋት አንዲት የፋርጣ ባልቴት ናት። ሸክሙን ዞራ ካየች በኋላ እጅዋን እስከ ክርንዋ ወደ ውስጥ ሰደደችና፣ «ልጄ፣ ከላይ ያለውን አትየው፤ ከመካከሉ ምዘዝና አሽት» አለችኝ። እኔም «እሺ እማማ» ብዬ እንዳለችው አደረግሁ። የላዩ ሣር ፀሐይ ስለሚመታው ቢነጣ ነውር አይደለም፤ የመካከሉ ግን አረንጓዴነቱን ሊይዝ ይገባል። ጥቁረት ወይም ቡናማነት ካለው ዝናብ አግኝቶታል ወይም ሳይደርቅ ተከምሯል። በመዳፍ ሲታሽ ቅጠል የሚያራግፍ እንጂ እጅን የሚወጋ መሆን የለበትም። ዘለላውን ማየትም ይጠቅማል፤ አበባው ገና በላዩ ካለ በጊዜው የታጨደ ነው፣ ዘሩ ረግፎ ባዶ ገለባ ብቻ ከተንጠለጠለ ግን ከጊዜው ያለፈ ነው። ከዚያ በኋላ ማሽተት ነው፤ የመልካም ድርቆሽ ሽታ የታወቀ ነውና ማንም አይስተውም፣ ሲያራግፉት ነጭ ብናኝ የሚያወጣና የሻጋታ ሽታ ያለው ግን በነፃ ቢሰጥም አይወሰድ፤ ያረገዘች በግ ከሻጋታ የተነሣ ልትጨነግፍ ትችላለችና፤ ብናኙም የበጉን ሳንባ ብቻ ሳይሆን የሚያበላውን ሰው ሳንባ ይጎዳል።

ሻጋታው የሚመጣው ከአደራረቁ ነው። ርጥብ ሣር ከመቶ 80 ያህል ውሃ ስለ ሆነ፣ ይህ ውሃ ወደ 15 እስኪወርድ ድረስ ሊከመር አይገባም፤ ይህም ማለት አንድ ኪሎ ድርቆሽ ለማግኘት ከ4 ኪሎ በላይ ርጥብ ሣር ማጨድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ጤዛው ከተነሣ በኋላ አጭዶ ስስ አድርጎ መዘርጋት፣ በማግስቱ ጠዋት፣ ሣሩ ገና ጥቂት ልስላሴ ሳለው መገልበጥ ይገባል፤ በቀትር የሚገለበጥ ከሆነ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የማገጡ ቅጠል ተሰባብሮ በመሬት ላይ ይቀራል። ሣሩ ሲጠመዘዝ ርጥበት የማይወጣውና አገዳው የሚሰበር ከሆነ ደርቋል። ዳመና በታየ ጊዜም ቢሆን ሳይደርቅ ከመከመር ይልቅ በትናንሽ ቁልል አድርጎ ማሳደርና ሲያባራ መልሶ መዘርጋት ይሻላል፤ ርጥብ ክምር ከውስጡ ይግላል፣ ይሻግታል። ክምሩ በደንጊያ ወይም በባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ ሸራም ቢለብስ ነፋስ በጎኑ እንዲገባ ይተውለት።

ድርቆሹ የበቀለበትንም ቦታ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ በፎገራና በደራ ሰፊ ረግረግ ያጠጣሉ፤ በዚያም ረግረግ ውስጥ የጉበት ትልን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ። የትሉ ልጆች ከቀንድ አውጣው ወጥተው በውሃ ዳር ባለው ሣር ላይ ይጣበቃሉ፤ በግ የሚበላቸው ከሣሩ ጋር ነው። በፀሐይ በሚገባ የደረቀ ድርቆሽ ላይ ቶሎ ይሞታሉ፣ ርጥበት ይዞ በተከመረው ላይ ግን ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ። ረግረግ ረግጠው የማያውቁ፣ በግቢ ታስረው የሚቀለቡ የደብረ ታቦር በጎች ከመንጋጭላቸው ሥር ውሃ ቋጥረው ሲመጡ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ድርቆሹ ከወዴት መጣ የሚለው የሆነው ስለዚህ ነው። ፎገራ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ሩዝ እየተስፋፋበት የግጦሹ መሬት ስለ ጠበበ፣ የሩዝ ጭድም ወደ በረቱ ገብቷል፤ ከብቱን ከመራብ ያድናል፣ ነገር ግን ለመፈጨት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ብቻውን ለበግ የሚሰጥ መኖ አይደለም።

አሁን ወደ አመጋገቡ ልለፍ። የፋርጣ በግ፣ ያ አጭር ባለ ስብ ላት የደጋ በጋችን፣ 25 ኪሎ ያህል ቢመዝን በቀን አንድ ኪሎ የሚጠጋ መልካም ድርቆሽ ይበቃዋል፤ ይህም በጠዋትና በማታ ተከፍሎ፣ ንጹሕ ውሃና ጥቂት ጨው ታክሎበት ይሰጠው። ድርቆሹ በመሬት ላይ አይጣል፤ የሚረገጠው ይባክናል፣ በበጠጡም ላይ ያለው የወስፋት ዕንቁላል ተመልሶ ወደ አፉ ይገባል። ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የተሠራ፣ ከበጉ ጉልበት ከፍ ያለ ግርግም ለመሥራት ከግማሽ ቀን የበለጠ አይፈጅም። ከሁሉ አስቀድሞ መልካሙ ድርቆሽ ሊጠበቅላት የሚገባት ያረገዘች በግ ናት፤ የእርግዝናዋ ዘመን 5 ወር ሲሆን ፅንሱ በብዛት የሚያድገው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ነው፣ በዚያው ጊዜ ማኅፀኑ ጨጓራውን ስለሚገፋው ብዙ ልትበላ አትችልም፤ ስለዚህም የምትበላው ጥቂቱ ብርቱ መሆን አለበት። ለእርስዋ የጽጌውን ድርቆሽ፣ ከተገኘም ጥቂት የኑግ ፋጉሎ መስጠት፣ የኅዳሩን ለወንዶቹና ለከብቱ መተው ብልህነት ነው።

ለበዓል በግ ገዝተው ሳምንት ሁለት ሳምንት በግቢያቸው ለሚያቆዩ የከተማ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ቶሎ ይስባ ብለው ስንዴ፣ ዳቦ፣ የተረፈ እንጀራ በአንድ ጊዜ አያብዙበት፤ ሣር የለመደ ጨጓራ በድንገት እህል ሲገባበት ይኮመጥጣል፣ በጉም ይነፋል፣ በማግስቱም ይሞታል፤ በየፋሲካው ዋዜማ ይህን ያላየሁበት ዓመት የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ዋናው መኖው ድርቆሽ ይሁን፣ እህሉ በእፍኝ እየተለካ ቀስ በቀስ ይጨመር። ለልጆቻቸው ጥንቸል የሚያሳድጉ ቤቶችም በከተማችን አሉ፤ ጥንቸል በኦሪት ከማይበሉት ስለ ተቈጠረች ለማዕድ አትፈለግም፣ ልጆች ግን ይወዷታል። እርስዋም ብትሆን ከጎመንና ከካሮት ይልቅ ቀኑን ሙሉ የምታኝከው ለስላሳ ድርቆሽ ያስፈልጋታል፤ ጥርሷ ዕድሜዋን ሁሉ ስለሚያድግ ድርቆሽ ካላኘከች አያልቅላትም፣ አድጎም አፏን ይዘጋዋል።

በየአጥቢያው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከግጦሽ ተጠብቆ የሚያድገውን ሣር ሳይ፣ ማገጡ እስከ ጉልበት ደርሶ አብቦ ስመለከት፣ መሬታችን ምን ያህል መልካም ሣር ሊሰጥ እንደሚችል ይታየኛል። በኢትዮጵያ ደጋ ከሃያ የሚበልጡ የማገጥ ዓይነቶች አሉ፤ አንዳንዶቹም በሌላ አገር የማይበቅሉ ናቸው። ይህን የመሰለ ሣር እያለን ዘሩ ረግፎ አገዳው እስኪደርቅ መጠበቃችን ያሳዝነኛል።

ስለዚህ በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በላይ ጋይንት ያላችሁ ገበሬዎች ሆይ፣ መስካችሁን ሁሉ በጥቅምት እጨዱ አልላችሁም፤ አራተኛውን እጅ ብቻ፣ ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ሳምንት፣ አበባው በላዩ ሳለ አጭዳችሁ ለብቻው ከምሩት፣ ላረገዙት በጎችም አቆዩት። የምትገዙትም ብትሆኑ ሸክሙን ሳትፈቱ፣ ከመካከሉ ሳትመዝዙ ገንዘብ አትክፈሉ፤ አረንጓዴና ቅጠላም ሆኖ ስታገኙትም ለሻጩ ከሌላው አብልጣችሁ ክፈሉት።