ሞተር በብርድ ጧት

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በመካነ ሰላም መናኸሪያ በኩል ያለፈ ሰው አንድ የተለመደ ትርኢት ያያል። ሾፌሩ ጋቢውን እንደ ተከናነበ የአውቶቡሱን ቁልፍ ያዞራል፤ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አቃስቶ ይነሣል፤ ከጭስ ማውጫውም ነጭ ጢስ ይትጐለጐላል። መኪናው ግን ከቆመበት አይነቃነቅም። ተሳፋሪዎች እጃቸውን እያፋተጉ ቢያጕረመርሙ የሚያገኙት መልስ «ሞተሩ ይሙቅ እንጂ!» የሚል ነው። ዐሥር፣ አንዳንዴም ሃያ ደቂቃ በዚህ ያልፋል። ለመሆኑ ይህ ልማድ ይጠቅማልን?

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ብርድ በሞተር ላይ የሚያደርገውን ማወቅ ያስፈልጋል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። መኪና ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር የሞተሩ ዘይት ወደ ታችኛው ቋት ወርዶ ይጠራቀማል። ብርድ የመታው ማር ከማሰሮው ቶሎ እንደማይወርድ ሁሉ፣ የቀዘቀዘ ዘይትም ቶሎ አይፈስም። ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ጊዜ ባትሪው ከጕልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ባትሪው የደከመበት ባለመኪና አመሻሹን ቁልቁለት ፈልጎ የሚያቆመው ስለዚህ ነው። ከዚህም ሌላ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚያገኘው አየርን ጨምቆ በማጋል ስለሆነ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝና ሲሳሳ መነሣት ይቸግረዋል። ያ ነጭ ጢስ በከፊል ሳይነድ የወጣ ናፍጣ፣ በከፊልም የውሃ ተን ነው። አንድ ሊትር ነዳጅ ሲነድ አንድ ሊትር ያህል ውሃ በተን መልክ እንደሚወጣ ስትሰሙ ትደነቁ ይሆናል።

ሞተርን የማሞቅ ልማድ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። በቀድሞው ዘመን በቤንዚን መኪና ውስጥ ነዳጅንና አየርን የሚያደባልቀው ካርቡራተር ነበር። ካርቡራተር ሳይሞቅ ድብልቁን በሚገባ መመጠን ስለማይችል፣ መኪናው ጥቂት እንደ ተራመደ እየተንተፋተፈ ይጠፋ ነበር። ዘይቱም በብርድ ጊዜ እጅግ የሚወፍር ዓይነት ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሾፌሮች ለረዳቶቻቸው ያስተማሩት ነገር ለዚያ ዘመን መኪና ትክክል ነበር። ስሕተቱ መኪናው ተለውጦ ልማዱ ሳይለወጥ መቅረቱ ነው። ዛሬ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒዩተር ነው፤ ዘይቱም በብርድም በሙቀትም እንዲፈስ ተደርጎ ይዘጋጃል። በዘይት ዕቃ ላይ «15 ደብሊው 40» የሚል ጽሑፍ ብታዩ፣ ደብሊው የፈረንጆችን የብርድ ወራት የሚያመለክት ፊደል ነው (የእኛን ክረምት አይደለም)። በፊት ያለው ቍጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ጊዜ በቀላሉ ይፈሳል።

ሞተሩ እንደ ተነሣ ዘይቱ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ወደ ላይ ይደርሳል። እንግዲያስ ለዛሬ ትንሽ መኪና ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ መታገሥ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የሚያሞቀው ቀስ ብሎ መሄድ ነው። በብርድ ጧት ወደ እርሻ የወጣ ገበሬን አስቡ፤ ሰውነቱ የሚፍታታው በሬዎቹን ጠምዶ ሁለት ሦስት ትልም ሲያርስ እንጂ ከማሳው ዳር ቆሞ ሲንቀጠቀጥ አይደለም። ቆሞ የሚዞር ሞተር የሚያቃጥለው ነዳጅ ጥቂት ስለሆነ ሙቀቱም ጥቂት ነው። የቤንዚን ሞተር ደግሞ እስኪሞቅ ድረስ ከመጠን ያለፈ ነዳጅ ይገባበታል። ከዚህ ውስጥ ያልነደደው የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ዘይቱን ያስለቅቀዋል፤ ወደ ቋቱም ወርዶ ዘይቱን ያበላሸዋል። መኪናውን ይጠብቃል የተባለው ልማድ በዚህ መንገድ መኪናውን ይበላዋል። ማርሹና ጎማው ደግሞ መኪናው ካልሄደ ከቶ አይሞቁም።

ወጪውንም አስሉት። አንድ ትንሽ መኪና ቆሞ ሲዞር በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ቢፈጅ፣ በየጧቱ 10 ደቂቃ ቢሞቅ በወር 5 ሊትር ይሆናል። ነዳጅ ከጂቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ፣ ተራራ ለተራራ ተጕዞ ለሚደርሰው አገር ይህ ቀላል አይደለም።

ነገር ግን በአውቶቡሱ ሾፌር ላይ ለመፍረድ አትቸኵሉ። የአውቶቡስና የከባድ ጭነት መኪና ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። ሌሊቱን የጎደለው አየር ሞተሩ ተነሥቶ እስኪሞላና የማስጠንቀቂያው መብራት እስኪጠፋ ድረስ መቆም ግዴታ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደወይን የሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ አየር ያልሞላ ፍሬን በዚያ ቁልቁለት ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። ውርጭ የሸፈነው የፊት መስተዋት ሳይጠራ መንቀሳቀስም አይገባም። ለማጥራት ተብሎ የፈላ ውሃ ቢፈስበት ግን መስተዋቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት በሞተሩ ላይ የሚደርሰው አይደለም። ብርዱን ሸሽቶ መኪናውን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚያሞቅ ሰው ሞትን ወደ ቤቱ ይጠራል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በብርድ ሌሊት ከሰል አቀጣጥለው፣ በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ሰውየው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ከዚያም ምን እንደ ነካው ሳያውቅ ራሱን ይስታል። ቀዝቃዛ የቤንዚን ሞተር ደግሞ ይህን ጋዝ ከሞቀው ሞተር አብልጦ ያወጣል። የጋራዡን በር ከፍቶ መተውም አያስተማምንም። መኪናው መጀመሪያ፣ በሰው ተገፍቶም ቢሆን፣ ወደ ደጅ ይውጣ፤ ሰው ከሚተኛበት ክፍል መስኮትም ይራቅ፤ ቁልፉ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው።