የደብረ ታቦርን ከንቲባ በምን እንለካው?

ከንቲባ ድሮ የጎንደርና የደንቢያ ሹም ማዕረግ ነበር። ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ ቧንቧ ሲደርቅ፣ ቦይ ሲደፈን፣ የቤት ካርታ ሲጓተት ስሙ የሚነሳው ሰው ነው። ነዋሪው ግን በቀጥታ አይመርጠውም፤ ነዋሪው የከተማውን ምክር ቤት ይመርጣል፣ ምክር ቤቱ ከንቲባውን ይሰይማል። የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ፣ በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ። በኮሮጆ ያልተመዘነ ሹም እንግዲህ በሥራው ይመዘናል።

ደብረ ታቦር በየጁ ራሶች ዘመን ስትቆረቆር ከተማ ማለት የሠራዊት ሰፈር ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አጠገቧ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስቀልጠው አሠሩ፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሱ ከተማዋን አቃጥለዋት ሄዱ። የዛሬው ነዋሪ ግን ነቅሎ የሚሄደው ድንኳን የለውም። በ1987ቱ ቆጠራ 22,455 የነበረው ሕዝብ በ1999 55,596 ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም፤ ዩኒቨርሲቲ ግን ተከፍቷል፣ ተማሪው ቤት ይከራያል፣ ውሃ ይቀዳል።

የከንቲባው ዋነኛ ፈተና መሬት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ ሊዝ ነው፤ ለሊዝ የሚቀርበው አዲስ ቦታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዳር፣ ከተማዋን ከከበበው የፋርጣ ወረዳ አርሶ አደር ማሳ ነው። የ2011ዱ የካሳ አዋጅ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢው 15 እጥፍ እንዲከፈል ይደነግጋል። ብሩ ብዙ ይመስላል፤ ግን ገብስና ድንች ከማምረት ሌላ ሙያ የሌለው ሰው እጅ ላይ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ከንቲባው «ይህን ያህል ሄክታር አዘጋጀን» ሲል፣ መሃል ከተማ ታጥሮ የተቀመጠው ቦታ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በእኔ ሚዛን ያንን ያስለማ ከንቲባ አዲስ ማሳ ካስነሳው ይበልጣል።

ሁለተኛው ፈተና ጎርፍ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጉና ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች፤ ክረምቱ ኃይለኛ፣ መሬቱ ተዳፋት ነው። ኮብልስቶን ለፎቶ ያምራል፣ ለወጣቱም ሥራ ይሰጣል። ቦይ ከሌለው ግን ውሃው ሥሩን አጥቦ ድንጋዩን ይፈነቅለዋል፤ ወይም ጎርፉ ታች ሰፈር ወዳለው ጎረቤት ጓሮ ይሻገራል። ቦይ ሪባን አይቆረጥለትም። ለዚህም ይመስለኛል የሚዘነጋው።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ነገር እንጨምር፦ ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቆየው ግጭት ግብር መሰብሰብንም፣ ሲሚንቶ ማጓጓዝንም አክብዷል። ይህ ለዘገየ ሥራ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ለተደፈነ ቦይ ግን አይሆንም።

በሚቀጥለው ሐምሌ፣ ዝናብ ባባራ ማግስት፣ በደጅዎ የሚያልፈውን ቦይ ተከትለው ቁልቁል ይውረዱና የት እንደሚያልቅ ይዩ። ከዚያ ያዩትን ለምክር ቤት ተወካይዎ ይንገሩ።