ከግድግዳው ሁለት ሜትር

ደብል ቤዝ ይዞ ከቃሊቲ መናኸሪያ ዱከም መግባት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መሣሪያው ሲቆም ከእኔ ይረዝማል፤ 1 ሜትር ከ80 ያህል ነው። የሚኒባሱ ረዳት መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን ያይና «የሁለት ሰው ትከፍላለህ» ይለኛል። እከፍላለሁ። አንድ ቅዳሜ አጠገቤ የተቀመጡ እናት በጥቁሩ ሽፋን ላይ እጃቸውን አሳርፈው «ልጄ፣ ይሄ የምን ዕቃ ነው?» አሉኝ። «ቤዝ ነው እናቴ፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው።» ትንሽ አሰቡና «እንደ በገና በለኛ» አሉ። ስለ ሥራዬ ብዙ ማብራሪያ ሰምቻለሁ፤ የእሳቸውን ያህል የቀረበኝ የለም።

በገና ግን አውታሮቹ እንዚራው ላይ እየነዘሩ የሚያወጡትን ያን ድምፅ የሚያሰማው ዝም ባለ ቤት፣ ዝም ባለ ሰው ፊት ነው። እኔ የምጫወተው ዱከም ነው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ለጥሬ ሥጋ የመጣ የቅዳሜ ሕዝብ መሐል፣ ቢላ ከሣህን ሲጋጭ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ተሳቢ ደጃፉ ላይ ሲያጓራ። እዚህ ቤዝ ያለ ኤሌክትሪክ ከመጀመሪያው ጠረጴዛ አያልፍም። ድምፁን ማጉላት የግድ ነው። የዛሬው ማስታወሻዬ ስለዚህ ጣጣ፣ በተለይም ስለ አንዲት እምቢተኛ ኖታ ነው።

የምንጫወትበት የሆቴል አዳራሽ ርዝመቱ ብዙ፣ ጎኑ ጠበብ ያለ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ልስን ሲሚንቶ። በግራ ግድግዳ ባሩ አለ፤ መደርደሪያው ላይ ብርጭቆና ጠርሙስ ተኮልኩሏል። ባንዱ አምስት ሰው ነው፦ ክራር፣ ኪቦርድ፣ ድራም፣ ዘፋኙና እኔ። የመጀመሪያው ምሽት ላይ እንደ ወጉ ከድራሙ አጠገብ፣ መድረኩ መሐል ላይ ቆምኩ። ዘፋኙ ትዝታውን በኤፍ ጀመረ። የታችኛዋን ኤፍ ስነካት አዳራሹ አብሮኝ ጮኸ። ጣቴን ካነሳሁ በኋላ እንኳ አላቆመችም፤ እያበጠች ሄደች። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጩ ጀመር። የሆቴሉ ባለቤት በዕረፍታችን ሰዓት መጡና «ልጄ፣ ይሄን ቤት የሠራሁት በዕቁብ ነው፤ በአንድ ዘፈን አታፍርስብኝ» አሉኝ። «እሺ እትዬ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ደብል ቤዝ ከቤዝ ጊታር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቤዝ ጊታር ድፍን እንጨት ነው። ደብል ቤዝ ሆዱ ባዶ የሆነ ትልቅ ሣጥን ነው። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ሆዱን ይመታል፣ ሆዱ አውታሩን ያነቃንቃል፣ አውታሩ እንደገና ወደ ስፒከሩ ይልካል። ፊድባክ የምንለው ይህ ማቆሚያ ያጣ ዙር ነው። ይህ ጣጣ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ኤቨረት ሀል የተባለ አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ቤዙ ወለል ላይ በሚያርፍበት እግር ውስጥ ድምፅ ተቀባይ ገጥሞ ይሸጥ ነበር፤ ታዋቂው አምፔግ አምፕሊፋየር ስሙን ያገኘው ከዚያ እግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ሊዮ ፌንደር ቤዝ ጊታርን ገበያ ላይ ሲያወጣ ግን ብዙው ቤዝ ተጫዋች ትልቁን ሣጥን ተሸክሞ መዞር ቀረለት። እኛም አገር በነዋልያስ ባንድ ዘመን የባንድ ቤዝ ማለት ቤዝ ጊታር ሆኖ አረፈው።

እኔ ወደ ሣጥኑ የተመለስኩት ለድምፁ ብዬ ነው። ጣት አውታሩን ሲለቅ የምትሰማ አንዲት እንጨታዊ ጥፊ አለች፤ ቺክቺካን ከመሬት የምታነሳው እሷ ናት። የእኔው መሣሪያ ከውድ ወጥ እንጨት የተጠረበ ሳይሆን ከኮምፖንሳቶ የተሠራ ነው። አላፍርበትም። ኮምፖንሳቶ ለፊድባክ ቶሎ አይሸነፍም፤ የአዳማ በጋም አይሰነጥቀውም።

ቀጥሎ ድምፁ ወደ ኤሌክትሪክ የሚገባበት በር አለ። ፒክአፔ አውታሮቹን በተሸከመው እንጨት፣ በበገና በርኩማ በምንለው ሥር የተወሸቀ ትንሽ ክሪስታል ነው። የእሱን ገመድ በቀጥታ ሚክሰር ላይ የሚሰካ ሰው የጣሳ ድምፅ ይሰማል፤ ወፍራሙ ይጠፋና ቅጭልጭልታው ይቀራል። ምክንያቱን የመቂ ገበሬ ያውቀዋል። ደካማ ምንጭ ላይ ኃይለኛ የውኃ ሞተር ከተጠመደ ምንጩ ወዲያው ይደርቃል። የሚክሰሩ መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሺህ ኦም ገደማ ነው፤ ክሪስታሉ የሚፈልገው ግን 1 ሚሊዮን ኦምና ከዚያ በላይ ነው። በመካከላቸው ፕሪአምፕ ሲገባ ከምንጩ በጭልፋ እየተቀዳ ለሞተሩ ይሰጣል። ለዚህ ነው ከቤቴ ስወጣ ቀስቴን ብረሳ የማልመለስለት፣ ፕሪአምፔን ብረሳ ግን ከገላንም ቢሆን የምመለሰው።

ፕሪአምፑ ላይ ሌላም ሥራ አለኝ፤ ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ እቆርጣለሁ። አንድ ወጣት ሳውንድ ማን ይህን አይቶ «ጋሼ፣ የቤዝን ቤዝ ቆርጠው ምን ይቀርዎታል?» ብሎኛል። ዝቅተኛዋ አውታሬ ኢ 41 ኸርዝ ናት። ከዚያ በታች የሚመጣው የእግር ኮቴ፣ የመድረክ ጣውላና የተሳቢ ሞተር ነው፤ ሙዚቃ የለውም። ስፒከሩን ግን ያደክመዋል፣ የመሣሪያዬንም ሆድ ይነቀንቀዋል። ቆርጬ ሳሳየው ቤዙ ይበልጥ ጠራ። ልጁ ሳቀ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ድራሙም ላይ ሞክሮት አገኘሁት።

ኤፍ ግን ይህን ሁሉ አልሰማችም። ሞገዱን የሚገለብጠውን የፕሪአምፑን የፌዝ ቁልፍ ተጫንኩ፤ ትንሽ ፈራችና ተመለሰች። የቤዙን የድምፅ ቀዳዳዎች በስፖንጅ ደፈንኩ፤ ጮኸች። ኢኳላይዘሩ ላይ 43 ኸርዝ አካባቢ ብቆርጣት ጎረቤቶቿ ኢ እና ጂ አብረዋት ሞቱ። ቺክቺካ ስንጫወት አታስቸግርም፤ ኖታው አጭር ስለሆነ በግራ እጄ ቶሎ አፍናታለሁ። ትዝታ ላይ ግን ዘፋኙ ሲያንጎራጉር ቤዙ ከሥሩ ረጅም ሆኖ መተኛት አለበት፤ አዳራሹ የሚጠብቃትም እዚያ ላይ ነው።

ወደ ዘፋኙ ሄድኩ። «ወንድሜ፣ ይቺን ትዝታ ወደ ጂ ከፍ ብናደርጋትስ?» አልኩት። «ድምፄ ያደረው ኤፍ ላይ ነው፤ ጂ ላይ ልታንቀኝ ነው?» አለኝ። አልተከራከርኩትም። ለባንድ ሰው ኪ መቀየር ቀላል ይመስለዋል፤ ለዘፋኝ ግን ጉሮሮው ነው። ደግሞ ጂ የራሷ ጠላት አላት። በዚያው ምሽት መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ በገመዳችን ውስጥም «ምምም» የሚል ድምፅ ገባ። የአገራችን ኤሌክትሪክ በ50 ኸርዝ ይሠራል፤ የታችኛዋ ጂ 49 ኸርዝ ናት። ሁለቱ ሲገናኙ በየሰከንዱ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ የሚል ማዕበል ይፈጥራሉ። ጄኔሬተሩ አብሮን ቤዝ ይጫወታል፤ ያውም ሳይቃኝ። ድምፄን ወደ ሚክሰሩ የሚያሻግረውን የዲአይ ሣጥን የግራውንድ ማቋረጫ ስጫን «ምምም»ታው ዝም አለ፤ ኤፍ ግን አሁንም እዚያው ናት።

መፍትሔው የመጣው ከመሣሪያ መደብር አይደለም፤ ከእግሬ ነው። በማግስቱ እሑድ ከሰዓት፣ ሰው ሳይገባ፣ ኪቦርዲስቱን «ያቺን ኤፍ ይዘህ ቆይልኝ» አልኩትና ከግራው ግድግዳ ወደ ቀኙ ቀስ ብዬ መራመድ ጀመርኩ። ግድግዳው ሥር ጆሮዬን ሞላችው። ሁለት ሜትር ያህል ስሄድ ጠፋች። ጆሮዬ የተደፈነ መሰለኝ። ኪቦርዲስቱን አየሁት፤ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። መሐል ስደርስ ተመልሳ አገሳች። ስድስተኛው ሜትር ላይ እንደገና ጠፋች። ቀኙ ግድግዳ ሥር ደግሞ አለች። መልሼ ተራመድኩ፤ ያው ነው።

የአዳራሹ ጎን 8 ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህን ለኤፍ 43 ኸርዝ ገደማ ብታካፍሉት የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ያህል ይሆናል። ኖታዋና ቤቱ ልክ ለልክ ናቸው ማለት ነው። ሞገዱ አንዱን ግድግዳ መትቶ ሲመለስ ከራሱ ጋር ይገናኛል፤ ገንዳ ውስጥ የተላጋ ውኃ አንዳንድ ቦታ ከፍ ዝቅ ሲል አንዳንድ ቦታ ጸጥ ብሎ እንደሚቆም ሁሉ። ግድግዳዎቹና መሐሉ የሚላጋው ቦታ ናቸው። ሁለተኛውና ስድስተኛው ሜትር ጸጥ ያሉት ናቸው። እኔ ስንት ምሽት የቆምኩት መሐል ላይ ነው፤ ሆደ ባዶውን ሣጥን ይዤ ሞገዱ በጣም በሚመታበት ሥፍራ። ብርጭቆዎቹም ግድግዳ ላይ ናቸው።

ያን ቀን ከቀኙ ግድግዳ ሁለት ሜትር ለክቼ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ራሴንም አምፕሊፋየሬንም እዚያ አቆምኩ። ድራመሩ «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?» አለኝ። ማታ ትዝታው በኤፍ ተጀመረ፤ ታችኛዋን ነካኋት። ጮማ የሆነች አጭርና ጨዋ ድምፅ ወጥታ ስለቃት ቆመች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፄን ጨመርኩ፤ ሦስተኛው ላይ ደግሜ ጨመርኩ። ብርጭቆ አልተንጫጫም። ስንጨርስ የሆቴሉ ባለቤት መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «ጎሽ ልጄ፤ ዛሬ ቀነስክልኝ» አሉኝ። «እሺ እትዬ» ብዬ የቀረበልኝን ቁርጥ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሙያዬ ያለኝ ሐሳብ ተለውጧል። ድሮ ቤዝን የሚያጎላው ዋቱ ይመስለኝ ነበር። የሚያጎላው ቤቱ ነው። አዳማ ውስጥ ዛፍ ሥር፣ ግድግዳ በሌለው ግቢ ስጫወት ይህንኑ በተቃራኒው አየሁት፤ ያው አምፕሊፋየር፣ ያው ጣት፣ ድምፁ ግን ሜዳ ላይ እንደፈሰሰ ውኃ ሰመጠ። እዚያ የሚቆረጥ ኤፍ አልነበረም፤ የሚያግዘኝ ግድግዳም አልነበረም። አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የተባለው ባንድ ሄኖክ ተመስገንን ደብል ቤዝ አስይዞ፣ ከአየለ ማሞ ማንዶሊንና ከዳዊት ፍሬው ክላርኔት ጋር የድሮ ዜማዎችን ሲያነሳ ብዙዎቻችን «ይህ መሣሪያ እዚህም አገር ይሆናል» አልን። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ግን ተጫዋች ብቻ አይበቃውም፤ ሰው ለመስማት የሚገባበት ክፍል ይፈልጋል። በጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዝ ቤት፣ ጃዝአምባ፣ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲወድም ሰው የቤት ኪሳራ ብሎ አዘነ። ለቤዝ ተጫዋች የመሣሪያው ግማሽ ነበር የተቃጠለው።

ያለን አዳራሽ ግን በአብዛኛው እንደ ዱከሙ ነው፤ ለሠርግና ለሥጋ የተሠራ። አልከፋም። ባለሆቴሏ ግድግዳውን በጨርቅ እንዲሸፍኑልኝ፣ ዘፋኙ ጉሮሮውን እንዲቀይርልኝ፣ ተሳቢው መንገድ እንዲለውጥልኝ ልጠብቅ አልችልም። መቀየር የምችለው የምቆምበትን ነው። ስለዚህ አሁን አዲስ አዳራሽ ስገባ ሽፋኑን ከመክፈቴ በፊት ከግድግዳ ግድግዳ እየተራመድኩ እለካለሁ። በቅርቡ ቢሾፍቱ እንዲሁ ወዲያ ወዲህ ስል አንድ አስተናጋጅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ምን ጠፍቶህ ነው?» አለኝ።

«የምቆምበት ቦታ» አልኩት።

ወንበር ይዞልኝ መጣ።