«ከአንገት በላይ» ሐኪም፡ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮን ምን አንድ አደረጋቸው?

በአገራችን ሆስፒታሎች «ከአንገት በላይ ሕክምና» ተብሎ የሚጠራ ክፍል አለ። ስያሜው ሰፊ ቢመስልም ዓይንን፣ ጥርስንና አንጎልን አይጨምርም፤ የሚመለከተው የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕመሞችን እንዲሁም በአንገት ላይ የሚወጡ ዕብጠቶችን ነው። ለመሆኑ መስማት፣ ማሽተትና መዋጥ የተለያዩ ተግባራት ሆነው ሳለ በአንድ ሙያ ሥር የተጠቃለሉት ለምንድን ነው?

አንድ ቤት፣ ሦስት በር

መልሱ የሚገኘው ከአካላቱ አሠራር ነው። ከአፍንጫ በስተጀርባ ካለው የጉሮሮ የላይኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚዘልቅ፣ በአዋቂ ሰው 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዩስታኪያን የተባለ ቀጭን ቱቦ አለ። ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ሲሆን፣ ስንውጥና ስናዛጋ ተከፍቶ ከጆሮ ታምቡር በስተውስጥ ያለውን የአየር ግፊት ከውጭው ጋር ያስተካክላል። ከደጋ ወደ ቆላ በመኪና ስንወርድ የተደፈነው ጆሯችን ምራቅ ስንውጥ የሚከፈተው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይኸው ቱቦ ግን ለተሕዋስያንም መንገድ ይሆናል። በሕፃናት ዘንድ አጭርና ወደ አግድም ያዘነበለ ስለሆነ፣ ተራ ጉንፋን የጆሮ ሕመም እስከ ማስከተል ይደርሳል። ስለዚህም የሕፃን ጆሮ የሚመረምር ሐኪም አፍንጫውንና ጉሮሮውንም ይመለከታል።

ከመስተዋት እስከ ማይክሮስኮፕ

የዚህ ሙያ ቀዳሚ ችግር ጨለማ ነበር። እነዚህ አካላት ጠባብና ብርሃን የማያገኙ በመሆናቸው በውስጣቸው ያለውን ማየት አዳጋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ ስፔናዊ የድምፅ መምህር፣ በትንሽ መስተዋትና በፀሐይ ብርሃን ረዳትነት የራሱን የድምፅ አውታሮች ሲንቀሳቀሱ ለማየት ቻለ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ማንቁርትን በመስተዋት መመርመር ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ ስዊድናዊው ካርል ኦሎፍ ኒሌን ማይክሮስኮፕን ለጆሮ ቀዶ ሕክምና አዋለ።

ማይክሮስኮፕ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። የታምቡርን ንዝረት ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚያስተላልፉት መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የተባሉ ሦስት አጥንቶች ናቸው። ከሁሉ የሚያንሰው እርካብ ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በአጠገቡ የፊት ጡንቻዎችን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ያልፋል፤ የቀዶ ሐኪሙ እጅ ጥቂት ቢስት የሕመምተኛው ፊት በአንድ ወገን ሊሽመደመድ ይችላል። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካዊው ጆን ሺ፣ የደረቀ እርካብን አውጥቶ በሰው ሠራሽ አካል በመተካት የመስማት ችሎታን መመለስ እንደሚቻል አሳየ።

መግል የሚያወጣ ጆሮ

በየሰፈራችን ጆሯቸው ለወራት መግል የሚያወጣ ልጆች ማየት እንግዳ አይደለም። ብዙ ወላጆች «ሲያድግ ይተወዋል» በማለት ይጠብቃሉ፤ አንዳንዶችም ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ ያንጠባጥባሉ። ነገር ግን መግሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ታምቡሩ ተቀዶ ሕመሙ ሥር እየሰደደ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። መካከለኛውን ጆሮ ከአንጎል የሚለየው ስስ አጥንት ስለሆነ፣ ችላ የተባለ ቁስል እስከ ማጅራት ገትርና የአንጎል መግል ሊያደርስ ይችላል። ከዚህ ባይደርስ እንኳ ልጁ መምህሩ የሚናገረውን በሚገባ ስለማይሰማ፣ ያለ ጥፋቱ «ሰነፍ» ይባላል።

ሐኪሙ በቅድሚያ ጆሮውን አጽድቶ በጠብታ መድኃኒት ያደርቀዋል። ቀዳዳው አልደፈን ካለ፣ ከጆሮ በላይ ያለውን ጡንቻ ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ጥቂት ወስዶ ታምቡሩን ሊጠግነው ይችላል። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኙት ፀጉር መሰል የስሜት ሕዋሳት ግን አንድ ጊዜ ከሞቱ በሰው ዘንድ ዳግም አይተኩም።

ከሕክምናው በፊት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ 430 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመስማት ችግር ምክንያት ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል። በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ የሚሆነው መከላከል የሚቻል ነው። ጆሮን በክብሪት እንጨት አለመጎርጎር፣ መግል ሲታይ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ እንዲሁም ለደም መፍሰስና ለቁስል መመረዝ የሚያጋልጠውን እንጥል የማስቆረጥ ልማድ መተው ከእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚጠበቅ ነው። በሚቀጥለው ወንበር የተቀመጠ ጓደኛችሁ ደጋግሞ «ምን አልክ?» የሚል ከሆነ፣ ከመሳቅ ይልቅ ጆሮውን እንዲመረመር ምከሩት።