ከሚያረጅ ቅጠል ወደ ዘር፦ ዕፅዋት ብረትን መልሰው የሚጠቀሙበት ሥርዓት

የብረት እጥረት በተክል ላይ ሲከሠት ቀድሞ የሚገረጣው ለጋ ቅጠል ነው። በዚህ ምክንያት ብረት በተክል አካል ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ በቀላሉ የማይዘዋወር ንጥረ ነገር ተደርጎ ይታያል። ይህ አባባል ግን ሙሉ የሚሆነው የቅጠሉ ዕድሜ ከግምት ሲገባ ነው፤ ጤናማ ቅጠል አጥብቆ የያዘውን ብረት በእርጅናው ጊዜ ይለቅቃልና።

ብረቱ የሚገኝበት ስፍራና አደጋው

በቅጠል ሕዋስ ውስጥ ካለው ብረት 80 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በክሎሮፕላስት ነው። በብርሃን አስተፃምሮ የኤሌክትሮን ቅብብሎሽ ውስጥ የሚሳተፈው ፎቶሲስተም አንድ ብቻውን 12 የብረት አተሞችን ይይዛል። ቅጠሉ ሲያረጅ እነዚህ ፕሮቲኖች ይፈርሳሉ። የተለቀቀው ብረት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ከተገናኘ ግን የሕዋስን ሽፋን፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ የሚጎዳ ሃይድሮክሲል ራዲካል ያስገኛል። ስለዚህ ሕዋሱ ብረቱን እየለቀቀ፣ ነጻ ሆኖ እንዳይንቀሳቀስም መጠበቅ ይኖርበታል። ፌሪቲን የተባለው ፕሮቲን እስከ 4,500 የሚደርሱ የብረት አተሞችን በውስጡ ማከማቸት መቻሉ ለዚህ ጥበቃ ያግዛል።

የዝውውሩ ሂደት

የመጀመሪያው እርምጃ ማፍረስ ነው። ሕዋሱ የራሱን ክፍሎች ጠቅልሎ ወደ ቫኩኦል በማስገባት የሚያብላላበት ኦቶፋጂ የተባለው ሥርዓት በዚህ ረገድ ከፍተኛ ድርሻ አለው፤ ይህ ሥርዓት በተሰናከለባቸው የአራቢዶፕሲስ ተክሎች ወደ ዘር የሚደርሰው ብረት በእጅጉ ይቀንሳል።

ሁለተኛው እርምጃ ማጓጓዝ ነው። የፍሎም ፈሳሽ አልካላይን በመሆኑ ብቻውን የሚገባ ብረት ሊዘቅጥ ይችላል። ኒኮቲያናሚን የተባለው አነስተኛ ሞለኪውል ብረቱን አቅፎ በመያዝ ሟሙቶ እንዲጓዝ ያደርገዋል። ዋይኤስኤል የተባሉት አስተላላፊ ፕሮቲኖችም ጥምሩን በሕዋስ ሽፋን ያሻግራሉ። ዋይኤስኤል1 እና ዋይኤስኤል3 በአንድነት የጎደሏቸው የአራቢዶፕሲስ ተክሎች ዘራቸው አነስተኛ ብረት የያዘ ሲሆን የመራባት አቅማቸውም ይዳከማል።

ከስንዴ የተገኘ ማስረጃ

የእርጅና ጊዜና የዘር ብረት ትስስር ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ2006 በስንዴ ላይ በታተመ ጥናት ነው። ከዱር ኤመር ስንዴ የተገኘው ናም-ቢ1 የተባለው ጂን የቅጠልን እርጅና ያፋጥናል፤ ንጥረ ነገሮችም ወደ ፍሬው እንዲዛወሩ ያደርጋል። ተመራማሪዎቹ የዚህን ጂን ቤተሰብ ሥራ ባዳከሙ ጊዜ የስንዴው እርጅና ከ3 ሳምንት በላይ ዘገየ፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ዚንክና ብረትም ከ30 በመቶ በላይ ቀነሰ። አብዛኞቹ ዘመናዊ የስንዴ ዝርያዎች የሚይዙት የማይሠራውን የዚህን ጂን ዓይነት ነው።

ማጠቃለያ

ቅጠሉ ለረጅም ጊዜ ለምልሞ የሚቆይ ሰብል ስታርች የሚያመርትበት ጊዜ ሊራዘምለት ይችላል፤ በአንጻሩ በቅጠሉ የታሰረው ብረት ወደ ፍሬው ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። በእርግጥ የዘር ብረት ምንጭ ቅጠል ብቻ አይደለም፤ አፈሩ በቂ ብረት ካለው ሥር በፍሬ መሙያ ወቅትም መሳቡን ይቀጥላል። ዝውውሩ ይበልጥ ወሳኝ የሚሆነው ብረት በማይሟሟባቸው ኖራማ አፈሮችና በወቅቱ ማብቂያ ድርቅ በሚያጋጥማቸው ማሳዎች ነው። የዕለት ምግባቸው በእህል ላይ ለተመሠረተና ለደም ማነስ ለተጋለጡ ሰዎች ሲባል፣ የሰብል ማሻሻያ ሥራ ከምርት ብዛት ጎን ለጎን ቅጠሉ መቼና እንዴት እንደሚያረጅ ሊመዝን ይገባል።