አርሰናል ስታዲየሙን ቢያሰፋ ያተርፋልን?

ደንበኛ ገንዘቡን በእጁ ይዞ ከሱቅ ደጃፍ ደርሶ «አልቋል» ተብሎ ሲመለስ ማየት ለባለሱቁ ከኪሳራ የማይተናነስ ሕመም ነው። አንድ ቀን ቢሆን ዕቃ አንሶ ነው ይባላል። በየሳምንቱ ሲደጋገም ግን ጎረቤት ያለውን ክፍል ለመከራየት፥ ግድግዳውን ለማፍረስና መደርደሪያ ለመጨመር የማያስብ ነጋዴ አይገኝም። በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ የሚገኘው አርሰናል የተባለው የእግር ኳስ ክለብ ያለው በዚሁ ሐሳብ ውስጥ ነው። ስታዲየሙ 60,704 መቀመጫዎች አሉት፤ ይሁን እንጂ ትኬት ፈላጊው ከመቀመጫው ስለ በለጠ ክለቡ ከ2023 ጀምሮ ለአባሎቹ የሚሸጠውን ትኬት በዕጣ እስከ ማደል ደርሷል። የዓመት ትኬት ለማግኘት ስሙን ያስመዘገበ ሰው ተራው እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይጠብቃል። በ2025 መጀመሪያም ስታዲየሙን የማስፋቱ ነገር በክለቡ ውስጥ መነጋገሪያ መሆን እንደ ጀመረ ከባለቤቶቹ ወገን በይፋ ተነግሯል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡና ለሚልክና ጨርቅ ለሚያስመጣ አንባቢ የኳስ ነገር ምን ይረባዋል የሚል ይኖር ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ በከተማችን ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች ደጃፍ ያለውን ግፊያ የተመለከተ ሰው ጉዳዩ ሩቅ እንዳልሆነ ያውቃል። እኔ ግን ነገሩን ያነሣሁት ስለ ደጋፊዎች ስሜት ሳይሆን ስለ ሒሳቡ ነው። የወንበር ሸቀጥ ከጨው ይልቅ ከቲማቲም ጋር ይመሳሰላል። ጨው ዛሬ ባይሸጥ ለከርሞ ይደርሳል፤ ጨዋታው ሲጀመር ባዶ የቀረውን ወንበር ግን ነገ የሚገዛው የለም። ስለዚህ የወንበር ነጋዴ ዘወትር በሁለት ፍርሃት መካከል ይኖራል። ሲያንሰው ከደጅ የተመለሰውን ገንዘብ ያስባል፤ ሲበዛበት ደግሞ ባዶውን ወንበር ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያይበታል።

አርሰናል ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲገናኝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1913 ጀምሮ ይጫወትበት የነበረው ሃይበሪ የተባለው ሜዳ በ1935 ከሰንደርላንድ ጋር በተደረገ ጨዋታ 73,295 ሰው ይዞ ነበር፤ ይህም ሊሆን የቻለው አብዛኛው ተመልካች ቆሞ ይመለከት ስለ ነበር ነው። በ1989 በሼፊልድ ከተማ በሂልስቦሮ ሜዳ በደረሰው መጨናነቅ ምክንያት 97 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በታላላቆቹ ክለቦች ሜዳ ተመልካች ሁሉ ወንበር እንዲኖረው ስለ ታዘዘ ሃይበሪ የሚይዘው ሰው ቁጥር ወደ 38,419 ወረደ። ሜዳውን እንዳያሰፉት በዙሪያው የሰው መኖሪያ ቤቶች ተያይዘው ተሠርተዋል፤ በ1936 የተሠራው የምሥራቁ ሰገነትም በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነበርና አይነካም።

በዚህ ጊዜ የክለቡ ሰዎች ያደረጉት ነገር በበኩሌ ደስ ያሰኘኛል። አንድ ድንጋይ ሳያነሡ አስቀድመው ገበያውን ፈተኑት። በ1998 እና በ1999 በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ሊግ በሜዳቸው የሚያደርጉትን ጨዋታ ትልቁን የዌምብሊ ስታዲየም ተከራይተው አካሄዱ፤ ከፈረንሳዩ ላንስ ጋር በተጋጠሙ ቀንም 73,707 ሰው ገባ፤ ሃይበሪ ከሚይዘው እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ፈላጊ ስለ መኖሩ ክርክሩ በዚህ አለቀ። በሣሩ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። በሁለቱ ዓመታት በዌምብሊ ካደረጓቸው 6 ጨዋታዎች ያሸነፉት 2ቱን ብቻ ሲሆን በ3ቱ ተሸንፈዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከምድባቸው ሳያልፉ ቀሩ። ሱቁ ሰፋ፥ ሰዉም መጣ፤ ሸቀጡ ግን ከለመደው መደርደሪያ ሲወርድ መልኩ ጠፋ።

የሆነ ሆኖ ክለቡ በ1999 ከሃይበሪ ብዙ በማይርቅ አሽበርተን ግሮቭ በተባለ ስፍራ አዲስ ስታዲየም ለመሥራት ማሰቡን አስታወቀ። በስፍራው ከነበሩት ነገሮች አንዱ የቆሻሻ ማሰባሰቢያ ጣቢያ ነበርና እርሱን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር እንኳ ራሱን የቻለ ሥራና ወጪ ሆነ። ግንባታው በ2004 ተጀምሮ በ2006 ተፈጸመ። ጠቅላላው ወጪ 390 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 260 ሚሊዮኑ ከባንኮች የተገኘ ብድር ነበር። ገንዘብ የቸገረው ክለብ የስታዲየሙን ስም ለ15 ዓመት፥ በመለያ ልብሱ ላይ የሚወጣውን ማስታወቂያ ደግሞ ለ8 ዓመት በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለኤምሬትስ አየር መንገድ አስቀድሞ ሸጠ። ቡናውን በአበባው የሸጠ ገበሬ በለቀማ ወራት ምን እንደሚሰማው ላኪዎቻችን ያውቃሉ። በእንግሊዝ ኳስ የማስታወቂያ ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ ሲሄድ አርሰናል በአሮጌው ውል ታስሮ ይመለከት ነበር።

ገቢው ግን እንደ ታሰበው መጣ። በሃይበሪ የመጨረሻ ዓመት ከጨዋታ ቀን የተሰበሰበው ገንዘብ 44 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲሆን በአዲሱ ቤት በመጀመሪያው ዓመት 90 ሚሊዮን አለፈ። ሌላ ነገር ባይከተል ኖሮ «ያተርፋል» ብዬ ጽሑፌን እዚህ ላይ ባበቃሁ።

የተከተለው ይህ ነው። በ2004 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የሊጉን ዋንጫ የወሰደው ቡድን ከ2005 የኤፍ ኤ ዋንጫ በኋላ እስከ 2014 ድረስ ዋንጫ የሚባል ነገር አላነሣም። ቲዬሪ ሄንሪ በ2007፥ ሴስክ ፋብሬጋስና ሳሚር ናስሪ በ2011፥ ሮቢን ቫን ፐርሲ በ2012 ተሸጡ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሄዱት ወደ ተፎካካሪዎቹ የማንችስተር ክለቦች ነበር። ሱቁን በብድር ያሰፋ ነጋዴ ወለዱን ለመክፈል ሲል ምርጥ ምርጡን ጣቃ ከመንገድ ማዶ ላለው ሱቅ ቢያስረክብ ምን እንደሚባል አንባቢ ራሱ ይፍረድ። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የዕዳው አልነበረም። ቼልሲ በ2003፥ ማንችስተር ሲቲ በ2008 ወጪ በማይፈሩ ባለጠጎች እጅ ገብተው የተጫዋቾችን ዋጋ ሰቅለውት ነበር። አሠልጣኙ አርሴን ቬንገርም በዚያ ሁሉ ችግር መካከል ከ2006 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል ቡድኑን ከአራተኛ ደረጃ በታች አላወረዱትም። እኔ ስለ እርሳቸው ሳስብ የሚታየኝ ጌታው ግንባታ ላይ ሳለ ባለው ዕቃ ብቻ ሱቁን ሳይዘጋ ያቆየ ታማኝ ሠራተኛ ነው። ይሁን እንጂ ደንበኛ ዘጠኝ ዓመት ጠበቀ። ሁሉም ደንበኛ እንዲህ አይታገሥም።

አሮጌውን ሃይበሪን ወደ መኖሪያ ቤትነት ለውጦ ለመሸጥ የተያዘው ዕቅድም ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ጋር ተገጣጠመ። ለዚሁ የተወሰደው ብድር በ2010 ተከፍሎ አለቀ፤ ነገር ግን በመካከሉ የነበረው ጭንቀት ቀላል አልነበረም። የስታዲየሙን ዕዳ ቀሪ ደግሞ በ2020 የክለቡ ባለቤት የሆነው ድርጅት በራሱ ብድር ተካው። ያው ዓመት ወረርሽኙ የገባበት ነው፤ በ2020 እና በ2021 ብዙ ጨዋታዎች አንድ ተመልካች ሳይገባባቸው ሲደረጉ ስድሳው ሺህ ወንበር ባዶውን ቆመ። ከዚያ አስቀድሞ በ2018 ቡድኑ በደከመበት ጊዜ ትኬታቸው የተሸጠ ብዙ ወንበሮች ባለቤታቸው ሳይመጣ ቀርቶ ባዶ ታይተዋል። ዛሬ የምናየው ሰልፍ የተሰለፈው ለጥሩ ቡድን መሆኑን ይህ ያስረዳል፤ ቡድኑ ሲደክም ሰልፉም ያጥራል፥ የተጨመረው ወንበር ግን አብሮ አያጥርም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። አርሰናል በ2006 ለአንድ መቀመጫ ያወጣው 6,500 ፓውንድ ገደማ ነው። የሊቨርፑል ክለብ በ2016 ዋናውን ሰገነት ሲያሰፋ ለ8,500 ያህል አዲስ ወንበር ከ110 ሚሊዮን ፓውንድ ያላነሰ ማውጣቱ ሲታይ የአንዱ ወንበር ዋጋ ወደ 13 ሺህ ይጠጋል። ገንዘቡ በዓመታት ውስጥ የረከሰ መሆኑን ብናስብም፥ በቆመ ቤት ላይ መጨመር አዲስ ከመሥራት እንደማይረክስ ግልጽ ነው። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል አርሰናል 10 ሺህ ወንበር እያንዳንዱን በ15 ሺህ ፓውንድ ይጨምር እንበል፤ 150 ሚሊዮን ይሆናል። በመቶ 5 ወለድ ቢበደር የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 7 ሚሊዮን ተኩል ነው። በዓመት 25 ጨዋታ በሜዳው ቢያደርግና ወንበሩን በ40 ፓውንድ ቢሸጥ 10 ሚሊዮን ያገኛል፤ ከዚህ ላይ መንግሥት የሽያጭ ቀረጡን ሲወስድ 8 ሚሊዮን ከ300 ሺህ ገደማ ይቀራል። የጥበቃውና የጽዳቱ ደሞዝ ሳይነሣ፥ አንድም ወንበር ባዶ ሳይውል፥ ዕዳው ተከፍሎ የሚያልቀው ከ47 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ይህን ቁጥር የክለቡ ሒሳብ ሠራተኞች ከእኔ ይልቅ አብልጠው ያውቁታል። ስለዚህ ስታዲየም የሚያሰፋ ክለብ ሁሉ አዲሱን ወንበር ዕጣ ላልወጣለት ሠራተኛ ሳይሆን፥ ምሳ ጭምር ለሚከፍል የኩባንያ እንግዳ ለማድረግ ይፈተናል። የሊቨርፑል ክለብ ፈተናውን ቀምሶታል። በየካቲት 2016 ገና በመሠራት ላይ ላለው ሰገነት ከፍተኛው የትኬት ዋጋ 77 ፓውንድ እንደሚሆን በተሰማ ጊዜ፥ ከሰንደርላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ በ77ኛው ደቂቃ ወደ 10 ሺህ የሚገመት ደጋፊ ተነሥቶ ወጣ። 2 ለ 0 ይመራ የነበረው ቡድንም ጨዋታውን 2 ለ 2 ፈጸመ። ባለቤቶቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ዋጋውን ሰረዙ።

በሥራው ዐይነትም ቢሆን ሊቨርፑል ያገኘው ዕድል ለአርሰናል የለውም። የሊቨርፑል ሜዳ አራት የተለያዩ ሰገነቶች ያሉት ስለ ሆነ አንዱን ጎን እያሰፉ በሌሎቹ መጫወት ተችሏል፤ ያም ሆኖ ሁለተኛው ሥራ በ2023 ተቋራጩ በመክሰሩ ዘግይቶ የተፈጸመው በ2024 ነው። የአርሰናል ስታዲየም ግን አንድ ወጥ ጎድጓዳ ሳሕን ነው፤ ጣሪያው ዙሪያውን ተያይዟል። ብዙ ወንበር መጨመር ማለት ጣሪያውን መንካት ማለት ነው። በሁለት በኩል የባቡር ሐዲድ ያዋስነዋል፤ በቅርብ ያለው የሆሎዌይ ሮድ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም መጨናነቅ ስለሚያሰጋ በጨዋታ ቀን አገልግሎቱ ይገደባል። ተጨማሪ 10 ሺህ ሰው በየት ገብቶ በየት ይወጣል?

ሥራው ክለቡን ከቤቱ የሚያስወጣው ከሆነ ደግሞ ዕዳው ለሌላ ሰው ይተርፋል። ጎረቤቱ ቶተንሃም ከ2017 እስከ 2019 መጋቢት በዌምብሊ ተከራይቶ ሲጫወት በሰፈሩ ያሉ ምግብ ቤቶችና ትናንሽ ሱቆች የጨዋታ ቀን ገበያቸው ከነተመልካቹ ተሻግሮ ሄደባቸው። ቶተንሃም 62,850 መቀመጫ ያለው አዲስ ስታዲየም ይዞ ተመልሷል፤ አንዳንድ የአርሰናል ወዳጆችን የሚያንገበግባቸውም ይኸው ሁለት ሺህ ወንበር ብልጫ ይመስለኛል። በቅናት የተሠራ ፎቅ በዚህ ከተማም አይተናል፤ ተከራይ ሲያጣ የባለቤቱን ስም ይዞ ይቆማል።

እኔ የክለቡ ሒሳብ ጸሐፊ ብሆን ኖሮ ጣሪያው አሁን አይነካ ብዬ እጽፍ ነበር። ባለው ጎድጓዳ ውስጥ መተላለፊያውንና የመደዳውን አደራደር አስተካክሎ በየክረምቱ ዕረፍት ሊጨመር የሚችል ወንበር ቢኖር፥ ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም፥ ከትርፍ እንጂ ከብድር ሳይሆን ይጨመር፤ ዋጋውም ዛሬ በዕጣ ለሚጠብቀው አባል የሚቀመስ ይሁን። ከሁሉ አስቀድሞ በጓዳ ያለው ዕቃ ይቆጠር። የዓመት ትኬት ይዞ የማይመጣ ሰው ወንበሩን መልሶ የሚሸጥበት መንገድ ክለቡ አበጅቷል፤ ይህ መንገድ በሚገባ ከተሠራበት አንድ ድንጋይ ሳይነሣ በየጨዋታው የሚሸጥ ወንበር ይገኛል። በዚህ ሁኔታ ሦስት ዓመት ይታይ፤ ቡድኑ አንድ ጊዜ እንኳ ደክሞ ሰልፉ ያላጠረ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ጣሪያው ይነሣ።